ጋዜጣ እንዲህም ይሆናል እንዴ!

ፔፐር ማሼን፣ ከወረቀትና ከሙጫ ዕቃ መሥራትን፣ ያልሞከረ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም! አሮጌ ጋዜጣና አንድ ሲኒ ፉርኖ ዱቄት፣ በቃ፤ ከዚያ በጣት ሲያንኳኩት ቋ ቋ የሚል ጎድጓዳ ሳህን ይወጣል። እኔ አቃቂ፣ እቤቴ ሠርቼ ቆሎ ሞልቼበታለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከምን እንደተሠራ አስገምታለሁ። ወረቀት ነው ብሎ ያወቀ እስካሁን አልተገኘም!

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ አምስት ሲኒ ያህል የፈላ ውኃ ላይ እያማሰሉ መጨመር፣ እንደ ሙቅ ሲሆን ማውረድ ነው፤ ሙጫችን ይኸው ነው። ቆንጠር ያለ ጨው ይግባበት፤ ሻጋታን ለመከላከል ይረዳል። ቅርጽ የሚሰጠውን ሳህን ገልብጠው በስስ ፌስታል ይሸፍኑት፤ አለዚያ ወረቀቱ ሙጭጭ ብሎ አይላቀቅም።

ጋዜጣውን ግን በመቀስ እንዳይነኩት! በእጅ ይቀደድ። በእጅ የተቀደደ ጠርዝ እየሳሳ ስለሚያልቅ ከሥሩ ካለው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፤ መቀስ ያለፈበት ግን ከደረቀም በኋላ መስመሩ ይታያል። አንዱን ዙር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም በሙጫው ሳህኑ ላይ እየለጠፉ አራት አምስት ዙር ይሂዱ። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት አይሆንም፤ ሙጫ አይመጥም። ለዚህ ሥራ እንደ አዲስ ዘመን ያለ ተራ የጋዜጣ ወረቀት ወደር የለውም!

ማድረቁስ? እዚህ ላይ አቃቂን ማን ያህላታል! እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የእኛ ሰፈር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የከተማው ዝቅተኛና ሞቃት ጫፍ። የኅዳር ፀሐይና የሜዳው ነፋስ ተጋግዘው ያደርቁታል። ዱቄቱም ቢሆን ከሩቅ አይመጣም፤ ጎረቤታችን ካሊቲ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ ያላት ሰፈር ናት።

የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ፦ እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሌይ እ.ኤ.አ. በ1772 በርሚንግሃም ውስጥ ወረቀት በወረቀት ላይ አጣብቆ በምድጃ የማድረቅ ዘዴውን በስሙ አስመዘገበ፤ የሠረገላ አካል ሳይቀር ተሠራበት! ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ፔድሮ ሊናሬስ ክንፍና ቀንድ ያላቸውን ባለቀለም አውሬዎቹን የሠራው ከዚሁ ከወረቀትና ከሙጫ ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ፦ የለጠፉት ወረቀት ሲደርቅ ከሳህኑ አላቅቀው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ የጥበብ ጥለት ይሳሉበት፣ ቫርኒሽ ይቀቡት። ወጥ አይጨመርበትም፤ ለቆሎ፣ ለቁልፍ፣ ለጌጣጌጥ ግን ግሩም ነው። እባካችሁ፣ ቤት የተከማቸውን ጋዜጣ ለቆራሌው አትስጡ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬውኑ ጀምሩ!