የጥይት ቆብ ግፊት ይለካል እንዴ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የጠመንጃ ጥይታቸውን ቤታቸው ራሳቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን የናስ ቀልሃ ይሰበስቡና አዲስ የመለኮሻ ቆብ፣ የተመዘነ ባሩድና አዲስ አረር ይገጥሙለታል። የባሩዱን መጠን ለመወሰን የሚከተሉት የቆየ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ከትንሹ ጀምር፣ ቀስ እያልክ ጨምር፣ የአደጋ ምልክት ስታይ አቁም። የምክሩ ግማሽ ጥሩ ሳይንስ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ዓይንና ጣት ሊያሳጣ ይችላል።

ከጥሩው እንጀምር። የባሩድ የመንደድ ፍጥነት ከግፊት ጋር ይጨምራል። ግፊቱ ሲያይል ቶሎ ይነዳል፤ ቶሎ ሲነድ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። ስለዚህ ባሩዱን 5 በመቶ ብትጨምሩ ግፊቱ ከ5 በመቶ በላይ ያድጋል። ከመመሪያው ጣሪያ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ መጀመር የተለመደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? «ምልክት ስታይ» የሚለው ላይ። ዋናው ምልክት ቆቡ ተደፍጥጦ መገኘቱ ነው ይባላል። ቆብ ግን እንደየፋብሪካው ውፍረቱም ጥንካሬውም ይለያያል። ለስላሳው በጤናማ ግፊት ሊደፈጠጥ፣ ጠንካራው ደግሞ በአደገኛ ግፊትም ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት ካለ ደግሞ ናሱ ከአቅሙ በላይ ተለጥጧል ማለት ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የዘገየ መርዶ ነው።

ለመለካት ተብሎ የተሠራ መሣሪያ እንኳ ያታልላል እኮ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው አንድሪው ኖብል ግፊትን የሚለካው ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር ምን ያህል እንደተጨፈለቀ አይቶ ነበር። ዛሬ ላቦራቶሪዎች ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ይጠቀማሉ። .308 ዊንቸስተር ለሚባለው ጥይት የተፈቀደው ጣሪያ በመዳቡ ሲለካ 52,000፣ በክሪስታሉ ሲለካ ግን 62,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ይህ ከመኪና ጎማ ግፊት 2,000 እጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ግፊቱ በሺኛ ሰከንድ ውስጥ ወጥቶ ስለሚወርድ መዳቡ ጫፉን አይደርስበትም። የላቦራቶሪው መዳብ ይህን ያህል ካመለጠው፣ በዓይን የሚታይ ቆብ ምን ሊነግረን ነው?

የሚሻለው ምክር ይህ ነው፦ በላቦራቶሪ የተፈተነውን ጣሪያ ምልክት ባይታይም አትለፉ፤ ከተጻፈው መነሻም አትውረዱ። ቆብ፣ አረር፣ ቀልሃ ወይም ባሩድ ከተቀየረ እንደገና ከታች ጀምሩ። የአረሩንም ፍጥነት በመሣሪያ ለኩ። አፈሙዙ ያው ርዝመት ሆኖ ፍጥነቱ መመሪያው ካለው ከበለጠ፣ ትርፉን የከፈለው ግፊት ነው፤ ቆቡ ምንም ባይልም እዚያው ላይ ማቆም ነው።