«አየር ማሸግ»፦ ስለ አንዲት የቤት ማሰናጃ መመሪያ ትርጉም

ይህን አስተያየት እንድንጽፍ ያነሣሣችን አንዲት አነስተኛ የአማርኛ መመሪያ ናት። ያመጣልን በነፋስ ስልክ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ግን በካናዳ ቤት ገዝቶ የሚኖር የቀድሞ ጎረቤታችን ነው፤ ያመጣልንም ለምርምር ሳይሆን ለአቤቱታ ነበር። «የተባልሁትን ሁሉ ፈጽሜ ገንዘቡን የከለከሉኝ ለምንድን ነው?» አለን። መመሪያዋ በብርድ አገር ያለ ቤት «ሂት ፓምፕ» ለተባለው መሣሪያ እንዴት እንደሚሰናዳ፣ ለዚሁም መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ታስረዳለች። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ፣ ሰውዬው አማርኛውን በትክክል እንደ ተከተለ፣ ስሕተቱም የቃላቱ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ተገነዘብን።

በመጀመሪያ የመሣሪያው ስም። ተርጓሚው በርዕሱ ላይ «የሙቀት ፓምፕ» ካለ በኋላ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ «ማሞቂያ» እያለ ይቀጥላል። «ፓምፕ» በአማርኛ የተለመደ ቃል ስለሆነ ነቀፋ የለብንም፤ ነቀፋችን በ«ማሞቂያ» ላይ ነው። ማሞቂያ ሙቀት ያመነጫል፤ የከሰል ምድጃም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሥራው ይኸው ነው። ይህ መሣሪያ ግን ከውጭ ያለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ያሻግራል እንጂ በማመንጨት አይሠራም። አሠራሩ ከፍሪጅ አይለይም፤ የፍሪጅን ጀርባ በእጁ የዳሰሰ ሁሉ ከምግቡ የወጣው ሙቀት በዚያ በኩል ሲወጣ ያውቃል። በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ፣ በብዙዎቹ መሣሪያዎች፣ በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላ በመሆኑ፣ ለእኛ ውርጭ የሆነው አየር ለእርሱ እሳት ነው። በመለስተኛ ብርድ ለ1 እጅ ኤሌክትሪክ 3 እጅ ያህል ሙቀት ያስገባል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 2 እጅ ገደማ ይወርዳል። «ማሞቂያ» የሚለውን ይዞ የሚያነብ ሰው 1 ከፍሎ 3 ማግኘትን የነጋዴ ማታለያ ቢለው አይፈረድበትም።

ምን እንበለው? «ሙቀት መሳቢያ» ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን መሳቢያ የጠረጴዛ ነው። «ሙቀት መቅጃ» ብንል ደግሞ ቴፕ ሪከርደሩ ይመጣብናል። እኛ «ሙቀት አሻጋሪ» ማለትን እንመርጣለን፤ መሣሪያው በበጋ አቅጣጫውን ለውጦ ቤቱን ሲያቀዘቅዝ እንኳ ስሙ ሐሰት አይሆንም። አዲስ ስም ሕዝቡ አይቀበልም ለሚሉን የሰፈራችንን ስም እንጠቅሳለን። ሽቦ የማያስፈልገው ቴሌግራፍ ሲመጣ አባቶቻችን በዐረብኛ ሽቦ ማለት ከሆነው ከ«ስልክ» ጋር «ነፋስ»ን አጋጥመው «ነፋስ ስልክ» አሉት። አንዱ ቃል የውሰት፣ ሌላው የቤት ነው፤ ጥምሩ ግን መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ቴሌግራፉ ከቀረ በኋላም ክፍለ ከተማ ይጠራበታል።

ስለ ቤቱ ዝግጅት የሚናገረው ክፍል የርዕሳችን መነሻ ነው። ሙቀት አሻጋሪ ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱ የሚያፈስበት ሽንቁር ሁሉ መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ ከሚያስፈልገው የበለጠ ትልቅና ውድ መሣሪያ ይገዛል። ተርጓሚው ይህን «አየር ማሸግ» ብሎታል። የታሸገ ውሃ የሚገዛ አንባቢ የታሸገ አየር የት እንደሚሸጥ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? ጭቃ ከጭድ አቡክቶ ግድግዳ በሚመርግ ሕዝብ ቋንቋ «መምረግ» እና «መድፈን» እያሉ እንዲህ መቸገር አላስፈለገም፤ «ሽንቁር ድፈና» ይበቃ ነበር።

በግድግዳና በኮርኒስ ላይ የሚነጠፈውን ደግሞ «ሙቀት መከላከያ» ይለዋል። የወባ መከላከያ ወባን፣ የዝናብ መከላከያ ዝናብን እንደሚከለክል ሁሉ ይህም ሙቀትን የሚያባርር ይመስላል። ጎረቤታችን በዚያ ብርድ ሙቀት መከላከያ ምን እንደሚያደርግለት ግራ ገብቶት እንደ ነበር ነግሮናል። «ብርድ መከላከያ» ለክረምቱ ይሻላል፤ ለበጋው ግን አይሆንም። የንጣፉ ተግባር ሙቀት በሁለቱም አቅጣጫ እንዳያልፍ መግታት ስለሆነ «ሙቀት ገቺ ልባስ» ብንለው ይቀርባል።

ሰውዬውን የጎዳው ቃል ግን «ኦዲት» ነው። እንግሊዝኛው ከዕድሳቱ በፊት የሚደረግ ምዘና ሲል፣ አማርኛው «ቅድመ» የሚለውን ጥሎ «የዕድሳት ኦዲት» አለ። በአገራችን ልማድ ኦዲተር የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ስለሆነም ጎረቤታችን ልባሱን አስነጠፈ፣ ሽንቁሩን አስደፈነ፣ መሣሪያውን አስገባ፣ ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል ሰብስቦ ኦዲተሩን ጠበቀ። የካናዳ መንግሥት በ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮት በ2024 መጀመሪያ ላይ አዲስ አመልካች መቀበሉን ባቆመው የእርዳታ መርሐ ግብር እስከ 5,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ለምዘናውም እስከ 600 ዶላር ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ባለሙያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ካለቀም በኋላ አንድ ጊዜ ቤቱን መለካት ነበረበት። ፊተኛው ልኬት ከሌለ ለውጡ የሚነጻጸርበት የለም፤ ገንዘቡም ቀረ።

የተሻለ ቃል ፍለጋ ቀላል እንዳልሆነ እናምናለን። «ምርመራ» የሐኪምና የፖሊስ ነው፤ «ፍተሻ» የበር ጥበቃን፣ «ግምገማ» ደግሞ ረጅም ስብሰባን ያስታውሳል። በዚህ ረገድ አማርኛችን ያለፈበትን ዘመን ተሸክሟል። ባለሙያው በዕለቱ የሚያደርገውን ስንመለከት ግን፣ በበሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ቤቱ በሰዓት ስንት አየር እንደሚያፈስ ይለካል። ስለዚህ «ቅድመ ዕድሳት ልኬታ» እንላለን፤ «ቅድመ» ግን በምንም ምክንያት አትውደቅ።

ገንዘቡን በሚመለከት መመሪያዋ «ቅናሽ» እና «ተመላሽ» የሚሉትን እንዳሻት ታቀያይራለች። እዚህ ላይ ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ራሱ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። በካናዳው መርሐ ግብር ባለቤቱ ሙሉውን ከፍሎ በኋላ ይቀበል ነበር፤ ይህ ተመላሽ ነው። በአሜሪካ በ2022ቱ ሕግ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተፈቀደው፣ ለሙቀት አሻጋሪ እስከ 8,000 ዶላር የሚደርሰውና በየክፍለ ግዛቱ የሚታደለው ድጋፍ ግን ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲነሣ የታሰበ ነው፤ ስሙ ያው ሆኖ ሳለ ለእኛ ቅናሽ ነው። በዚያው ሕግ ከወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር፣ ከግብር ላይ ይቀነስ የነበረው ሦስተኛው ዐይነት ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገባ መሣሪያ ቀርቷል፤ እርሱም ግብር ለሌለበት ሰው ምንም አይሰጥም ነበር። ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ አስቀድሞ ገንዘቡ ከማን እጅ፣ መቼ እንደሚወጣ መጠየቅ አለበት።

«ደጋማ አየር» የሚለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ደጋ በከፍታ የሚለይ ሲሆን፣ ጎረቤታችን ያለበት ከተማ ግን ከነፋስ ስልክ እጅግ ዝቅ ብሎ እጅግ ይበርዳል። «ብርዳም አገር» ማለት ምን ከለከለ?

አንድ ቃል በእጃችን ቀርቷል። በኮርኒስና በጣሪያ መካከል ያለውን፣ ልባሱ በብዛት የሚነጠፍበትን ባዶ ቦታ መመሪያዋ «ላይኛው ክፍል» ስትለው፣ አንባቢ ፎቅ ይመስለዋል። ከመካከላችን አንዳንዶች «ቆጥ» እንበለው ብለዋል፤ ሌሎች ቆጥ የዕቃና የዶሮ ነው ብለው አልተቀበሉም። በአናጢዎች ዘንድ የሚነገር ስም የሚያውቅ አንባቢ ቢጽፍልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።