ወጡና ወጪው፦ የጎጃም ደጋ የሠርግ ድግስ ሲመረመር

ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የሠርግ ምግብ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ፍቺ ፍለጋ ነው። ኮሪያውያን በሠርግ ረጅም ኑድል የሚበሉት ዕድሜና ትዳር እንዲረዝም ነው ይባላል። ግሪኮች በስኳር የተለበጠ ለውዝ ጎደሎ ቁጥር አድርገው የሚያድሉት ለሁለት እንዳይከፈል ነው። ይህን መንገድ ይዞ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሠርግ ቤት የሚገባ አጥኚ ግን ባዶ እጁን ይወጣል። ለሙሽሮች ብቻ ተብሎ የተለየ ወጥ የለም። ዶሮው የፋሲካ ዶሮ ነው፤ ጠላው ማኅበር የሚጠጣበት ጠላ ነው፤ ድፎ ዳቦውም ለጥምቀት ከተደፋው አይለይም። የድግሱ ትርጉም ያለው እህሉ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን እንደደከመበትና ነገ ለማን እንደሚመለስ ላይ ነው።

ከቀኑ እንጀምር። የደጋው ሠርግ በብዛት የሚውለው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ስለዚህ ከጥር 11 ወዲህ ያለው የሠርግ ወራት አንዳንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ያነሰ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ከሰባት ሳምንት በላይ ነው። ከዚህም ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናትም ይቀነሳሉ። ጾሙ በሚፈጥንበት ዓመት አንድ ቀበሌ ውስጥ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል፤ ያው ጋንና ያው ምጣድ፣ ያችው ወጥ ሠሪ ከዳስ ዳስ ይዞራሉ። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለሚፈሰክበት ይመቻል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጎተራው ጎድሏል፣ የእርሻውም ሥራ እየቀረበ ነው። ጥር የሚመረጠው ጤፉ ተወቅቶ ስለገባ ነው።

እህሉም ከአንድ ማሳ አይመጣም። ገብሱ ከጮቄ አፋፍ፣ ጤፉ ከደጀንና ከብቸና፣ በርበሬው ከቡሬ በኩል ገበያ ለገበያ ተሸምቶ ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ሥራ ነው፤ የጽሑፍ ምንጮቻችን ቸል ያሉትም ይህንኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፤ እንኩሮው ይከተላል፤ ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ተሞልቶ ይታፈናል። ከጥንስሱ እስከ መጠጫው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ እንደ አየሩ ቅዝቃዜም ይረዝማል። አንድ ቀን የቸኮለች ደጋሽ ለዕድምተኛው ጉሽ ታቀርባለች፤ ይህም ለዓመታት ሲወራባት ይኖራል። የዶሮው ሽንኩርት ለብቻው ሌላ ዘመቻ ነው፦ ልጣጩ፣ ክትፊያው፣ እስኪጠቁር የሚቁላላበት ረጅም ሌሊት። አንዲት ቤት ይህን ሁሉ አትችለውም። ደጋሿ ዱቄቱን ለጎረቤት ታከፋፍላለች፣ ጎረቤት እየጋገረች በሌማት ትመልሳለች፤ አንዳንዷም ከራሷ ጓዳ ጠላ ጨምራ ታመጣለች። ይህ ሁሉ ብድር ነው። በወረቀት ባይጻፍም የማን እጅ ስንት እንጀራ እንዳመጣ ሁሉም ሴት ታውቃለች፣ የራሷ ልጅ ሲዳርም ትጠብቃለች።

ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፋቸው እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ያደረጉትን ታላቅ ግብር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ ቅርጽ የያዘበት አጋጣሚ አድርገው ያቀርቡታል። ንባቡ ጠንካራ ነው፤ ግን ከላይ ወደ ታች ያያል። ወደ ቤተ መንግሥቱ ማዕድ እህሉና ከብቱ በግብርነት ይገባል፣ ሰጪውም መልሶ አይጠይቅም። በገጠሩ ዳስ ግን ሰጪና ተቀባይ እኩያ ናቸው። ሁለቱን ማዕድ ባላገሩ አጥብቆ ይለያቸዋል፤ የጎጃሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባላገሩን በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያስነሡት በዚሁ በግብር ጉዳይ ነው። አለን ሆበን በዳሞት ያጠኑት የርስት ሥርዓትም እዚህ ይጠቅመናል፦ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። የሴቷም የወንዱም ቤት የሚደግሱበትን፣ በኋላም በመልስና በቅልቅል የሚገባበዙበትን ምክንያት ከዚሁ አጠገብ መፈለግ የሚገባ ይመስለኛል።

እኩያነቱ ግን ደረጃን አያጠፋም። ቄሱና የነፍስ አባቱ ከላይ ይቀመጣሉ፣ የተመረጠው ብልት ለእነሱና ለሚዜዎቹ ይወጣል፤ ወጡን ስትቆላ ያደረችው ሴት የምትበላው ዳሱ ሲራገፍ፣ የተረፈውን ነው።

የድግሱን ውበት የሚያወድሱ ጽሑፎች የሚዘሉት ሌላም ጉዳይ አለ። ወጪው ከባድ ስለሆነ ወላጆች ታላቂቱን ሲድሩ ታናሿንም በዚያው ዳስ መዳር ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ አንዴ ከተጠነሰሰ፣ አንዴ ሰንጋው ከተጣለ በሚል ስሌት። የጋብቻ ዕድሜ በፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት መሆኑ ልማዱን ወዲያው አልነቀለውም። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ የተዳረችው ለጥንስሱ ቁጠባ ተብሎ ከሆነ፣ የዚያን ድግስ ጠላ ማሞገስ ይከብደኛል።

ከተማው መልኩን እየለወጠ ነው። በደብረ ማርቆስ ዳሱ ድንኳን ወይም አዳራሽ ሆኗል፤ ቢራ በሳጥን ይገባል፣ ወጥ ሠሪ በገንዘብ ትቀጠራለች፣ ቡፌው የጾምና የፍስክ ተብሎ ይከፈላል። ብዙዎች ይህን የባህል መጥፋት ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ዶሮ ወጡ ያው ዶሮ ወጥ ነው። የተቀየረው ሒሳቡ ነው፦ በሌማት ይመለስ የነበረው ብድር በፖስታ ይሰጣል፣ የጎረቤቷ ሌሊትም ዋጋ ወጥቶለታል። ለሠራተኛዋ ይህ ኪሳራ ነው ለማለት አልደፍርም።

የባህል ጥናት ተማሪዎቻችን የሠርግ ዘፈን ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ መልካም አድርገዋል። ቀጣዩ አጥኚ ግን ከዳሱ ተነሥቶ ጓዳ ይግባ፤ ከዘፋኟ በፊት ወጥ ሠሪዋን ይጠይቅ፣ ስንት ጋን፣ ስንት ቁና፣ የማን እጅ ብሎ ይመዝግብ። ይህን በቃሏ የያዘችው ትውልድ እያረጀች ነው።