የኦፕሬተር ትዝታ ምን ያህል ይታመናል?

በድንጋይ ካባ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ኦፕሬተር ስለ ድሮ ገልባጮች ሲያወራ ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጨዋታ ያዳምጠዋል። ሞተሩ እንዴት ይጮህ እንደነበር፣ ወንበሩ ወገብ እንዴት ይቆርጥ እንደነበር፣ ዝናብ የመታው ቁልቁለት ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ይነገራል፤ ሰሚው ፈገግ ብሎ ያልፋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ግን ይህ አያያዝ ትልቅ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ትዝታዎች የሙያው እውቀት የተከማቸባቸው ናቸው፤ በፋብሪካ መጽሐፍ ያልተጻፈውን ይይዛሉ። ሁሉም እኩል ይታመናል ማለቴ አይደለም። የኦፕሬተር ትዝታ ቁጥር ላይ ደካማ ነው፣ ስም ላይም ይሳሳታል። ምልክት ላይ ሲደርስ ግን፣ ማለትም ምን ከምን ቀድሞ ተሰማ፣ ምን ሸተተ፣ እግር ሥር ምን ተለወጠ በሚለው ላይ፣ ከመኪናው አሠራር ጋር ሲመሳከር ደጋግሞ ትክክል ሆኖ ይገኛል።

ይህ ትዝታ ለምን እንደሚያስፈልግ አትላንታ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ የቆመችው በጠንካራ ቋጥኝ ላይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የስቶን ማውንቴን ግራናይት አለ፣ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የሊቶኒያ ድንጋይ ይገኛል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ክላርክስተንም ከስቶን ማውንቴን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ለመንገድና ለኮንክሪት የሚሆነው ጠጠር በአብዛኛው ከዚሁ ቋጥኝ ተፈንድቶና ተፈጭቶ ይወጣል። ጠጠር ከባድና ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሩቅ ከተጓጓዘ ዋጋውን መንገድ ይበላዋል፤ ስለዚህ ካባዎቹ ከተማውን ተጠግተው ተከፈቱ። ከተማዋን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ አይ-285፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጠናቀቅ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሥሩ የተነጠፈውን ድንጋይ ከጉድጓድ ያወጡት ገልባጮች ነበሩ። ከእነዚህ ካባዎች አንዱ በከተማዋ ምዕራብ የነበረው ቤልዉድ ነው። በቀደመው ዘመን እስረኞች ድንጋይ ይፈልጡበት ነበር፤ በኋላ ትልልቅ ማሽኖች ገቡበት። ከተማዋ በ2006 ገዛችው፣ ከቻታሁቺ ወንዝ 5 ማይል ያህል ዋሻ ተቆፈረለት፣ ዛሬ 2.4 ቢሊዮን ጋሎን ውሃ የሚይዝ መጠባበቂያ ነው፤ በዙሪያው የተሠራው ሰፊ መናፈሻም በ2021 ተከፈተ። ለከተማዋ ትልቅ ሥራ ነው። ለሙያው ታሪክ ግን ገልባጮቹ የወጡበትና የወረዱበት መንገድ ከነኩርባውና ከነዳገቱ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያ ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ የትኛው ጥግ በክረምት ጎማ እንደሚያንሸራትት የሚናገር ማስረጃ ካለ ሰው ጋ ብቻ ነው ያለው።

በመጀመሪያ የትዝታውን ድካም ላንሳ፤ እሱን ሳያውቁ ጥንካሬውን መለየት አይቻልምና። የስም ጉዳይ በጣም አሳሳች ነው። በኦሃዮ የነበረው የዩክሊድ ኩባንያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከመንገድ ውጭ ብቻ የሚሠራ ገልባጭ በመሥራት ቀዳሚ ነበር፤ በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ገዛው። የአሜሪካ መንግሥት ይህ ግዢ ውድድርን ያፍናል ብሎ ከሰሰ፣ ክርክሩም በ1968 ሲያበቃ የገልባጩ ሥራ ከነስሙ ለዋይት ሞተር ተላለፈ። ጄኔራል ሞተርስ የቀረውን ማሽነሪ ቴሬክስ በሚል አዲስ ስም ቀጠለ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ገልባጭ ገበያ ተመለሰ። ቀለሙም ያው አረንጓዴ ነበር። በ1970ዎቹ የሠራ ኦፕሬተር «ዩክሊድ ነድቻለሁ» ሲል ቴሬክስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የማያውቅ አድማጭ የተሳሳተ ታሪክ ይጽፋል። የጭነት ቁጥርም እንዲሁ ነው። 35 ቶን እንዲይዝ የተሠራ መኪና በትዝታ ውስጥ 50 ይጭናል። ሰውየው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ሎደሩ ካሶኒውን ከአፉ በላይ ቆልሎ ሲሞላው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ሚዛን ግን በእጁ አልነበረም።

አሁን ወደ ምልክቱ። በዚያ ዘመን ገልባጮች ላይ የሠራ ሁሉ ማለት ይቻላል የዲትሮይት ዲዝልን ጩኸት ያነሳል። ብዙዎች ሞተሩ በደቂቃ አራትና አምስት ሺህ ዙር ይዞር እንደነበር አድርገው ይናገራሉ። ይህ ቁጥር ስህተት ነው፤ የ71 ተከታታይ ሞተሮች ጣሪያ በአብዛኛው 2,100 አካባቢ ነበር። ጆሮአቸው የሰማው ግን ልክ ነው። እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዙሩ ያቀጣጥላል፣ ባለ አራት ምቱ ግን በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2,000 ዙር የሚሠራ ዲትሮይት እኩል ሲሊንደር ላለው ሌላ ሞተር የለመደ ጆሮ ላይ እንደ 4,000 ይሰማል። ኦፕሬተሮቹ አክለው የሚሉት አለ፦ ሞተሩ ዙሩ ሲወርድ በድንገት ይደክም ነበር፣ ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው መኪናው ሳይለፋ ገና ድምፁ መውረድ ሲጀምር ነበር። ይህም ከአሠራሩ ጋር ይገጥማል፤ አየር የሚገባለት በሞተሩ በሚዞር የአየር መንፊያ ስለሆነ ዙሩ ሲወድቅ አየሩም አብሮ ይቀንሳል። አንድ ሰው ቁጥሩን በእጥፍ ስቶ ምክንያቱንና ቅደም ተከተሉን በትክክል ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩን አይቶ ምስክርነቱን በሙሉ የሚጥል ሰው ዋናውን ነገር ይጥላል።

ፍሬን ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከነጭነቱ 60 ቶን የሚመዝን መኪና 60 ሜትር ቁመት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 100 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በከበሮ ፍሬን ላይ ከሄደ ከበሮው በግለቱ ይሰፋል፣ የፍሬን ሸራው የመያዝ አቅም ይወርዳል፣ ፔዳሉ ከቀድሞው ጠልቆ ይገባል። ለዚህ ነው ሪታርደር የመጣው፤ ሙቀቱን ወደ ካምቢዮ ዘይት ወስዶ በማቀዝቀዣው በኩል ያስወጣዋል። ካተርፒላርም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው 769 ገልባጭ ላይ የኋላውን ፍሬን በዘይት የሚቀዘቅዝ አደረገው። የድሮዎቹን ኦፕሬተሮች ስትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚመጣላቸው ሽታው ነው፣ ቀጥሎ የፔዳሉ መጥለቅ፣ ከዚያ የዘይት ሙቀት መርፌው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ሽታው የሚሰማው የሙያ መጽሐፍ «መርፌውን ይመልከቱ» ከሚለው ቀድሞ ነው። በዚህ ላይ የካባው ቅርጽ ትዝታውን ይለውጠዋል። የአትላንታ ካባዎች ጉድጓድ ናቸው፤ ጭነት ይወጣል፣ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ የአትላንታ ሰው በይበልጥ የሚያስታውሰው ዳገት ላይ የሚፈላ ሞተርን ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገር ድንጋዩ ከተራራ ወገብ በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጭነት ይወርዳል፣ ባዶ ይወጣል፤ እዚያ የሠራ ሰው ትዝታ የፍሬን ትዝታ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ዓይነት መኪና ቢያወሩም የተለያየ መኪና የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ተቃርነዋል ብሎ አንዱን መጣል ግን ስህተት ይሆናል።

አንደኛው ተቃውሞ ይህ ናፍቆት ነው የሚል ነው፤ የድሮው መኪና ሰውን አደንቁሮ፣ ወገብ ሰብሮ፣ አቧራ አብልቶ ያሰናበተ ነው፣ ምኑ ይወደሳል ይላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፣ እኔም ያን ማሽን ለማወደስ አልጽፍም። የአሜሪካ የማዕድን ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1999 ባወጣው ደንብ የስምንት ሰዓት ጩኸት ጣሪያ 90 ዴሲቤል ሆኖ ከ85 ጀምሮ አሠሪው የመስማት ጥበቃ ፕሮግራም እንዲኖረው ሲያስገድድ፣ በክፍት ጋቢና ውስጥ ከማርሚታው አጠገብ ዓመታትን ላሳለፈ ሰው ደንቡ ዘግይቶ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱም ራሱ በትዝታው ውስጥ የተመዘገበ ነው። ወገቤን ጨረሰኝ የሚልን ሰው በባሌስትራ ላይ ነበር ወይስ በጋዝና በዘይት ላይ በተቀመጠ መኪና ብላችሁ ጠይቁት። ራልፍ ክሬስ የነደፈው ሆልፓክ የተባለ ገልባጭ በ1957 ሲወጣ ባሌስትራውን በጋዝና በዘይት መደገፊያ የተካ ነበር፤ ሁለቱንም የነዱ ሰዎች ልዩነቱን በአካላቸው የለኩ ናቸው። የሚናፍቅ ሰው ህመሙን ይረሳል ይባላል፤ ኦፕሬተሮች ግን ህመሙን በማርሽና በኩርባ ለይተው ይነግሯችኋል።

ከዚህ የሚጠነክር ተቃውሞ አለ፦ የሚያወሩት የተረፉት ናቸው። ፍሬኑ የከዳው፣ ከመንገዱ ዳር የተገለበጠው ሰው ቃሉን አይሰጥም፤ ስለዚህ የምንሰማው እውቀት ዕድል ያገዘው እውቀት ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፣ ሙሉ መልስም የለውም። በከፊል የሚረዳው ደንቡን ከትዝታው ጎን ማንበብ ነው። የአሜሪካ ደንብ በካባ መንገድ ዳር የሚቆለለው አፈር መንገዱን ከሚጠቀሙት መኪኖች የትልቁ አክስል መሐል ቁመት እንዲደርስ ያዛል። አንድ ኦፕሬተር በወጣትነቱ ቁልሉ ጉልበት አይደርስም ነበር ሲል ደንቡ ምን ዓይነት ክፍተት እንደዘጋ ይገባናል። ሌላው መንገድ «ምን ደረሰብህ» ከማለት «ምን ሊደርስ ነበር» ብሎ መጠየቅ ነው። ለጥቂት የተረፈ ሰው ከሟቹ ጋር በአንድ ቁልቁለት ላይ ስለነበር ምስክርነቱ የሁለቱንም ያህል ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ግን ዘመኑ የሚያነሳው ጥያቄ ነው፤ መኪናው ራሱ ሙቀቱን፣ ክብደቱን፣ ፍጥነቱን በሰንሰር ይመዘግባል፣ ሹፌር የሌለው ገልባጭም ሥራ ላይ ነው፣ ታዲያ የጆሮ እውቀት ለምን? ኮማትሱ በቺሊው ጋብሪኤላ ሚስትራል መዳብ ማውጫ ሰው አልባ ገልባጮችን በ2008 ሥራ ላይ አውሏል፤ ካተርፒላርም በቨርጂኒያ ከአንድ የጠጠር ካባ ጋር ባለ 100 ቶኑን 777 ያለ ሹፌር እንዲሠራ አድርጓል። ወደ ጆርጂያ ካባዎችም መድረሱ የጊዜ ጉዳይ ይመስለኛል። ሰንሰር ግን የሚለካው እንዲለካ የተተከለበትን ብቻ ነው። ምን መለካት እንዳለበት የሚወስነው ሰው መነሻ ያስፈልገዋል፤ ያ መነሻ ደግሞ መርፌው ሳይነሳ ሽታውን ያወቀው ሰው ነው። በተዘጋና በቀዘቀዘ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው አዲሱ ኦፕሬተር ጤናው ተጠብቋል፣ እሰየው። ነገር ግን ሽታና ንዝረት ስለማይደርሱት በመለኪያዎቹ ላይ ያለው ጥገኝነት ከቀድሞዎቹ ይበልጣል፤ መለኪያው ሲሳሳት የሚያርመው ነገር ያጣል። ስለዚህ የድሮዎቹ ትዝታ ለአዲሱ ሰው ማሠልጠኛ ይሆናል። ማሽኑ ከአሁን በኋላ የማይነግረውን በቃል ሊነግሩት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ማሽኖቹን የሚጠብቅ ሰው አለ። በኦሃዮ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ የጥንት የግንባታ ማሽኖችና የፋብሪካ ሰነዶች ሙዚየም አለ። አንድ ብቻ የተሠራው ባለ 350 ቶኑ ቴሬክስ ታይታንም በካናዳዋ ስፓርዉድ ከተማ መንገድ ዳር ቆሟል። ብረቱ ከዝገት ውጭ ጠላት የለውም፤ ሰዎቹ ግን እያረጁ ነው። ቃላቸውን የሚቀዳ ሰው «የትኛውን መኪና ትወድ ነበር» ብሎ ቢጀምር የሚያገኘው ውዳሴ ነው። ካባውን በወረቀት እንዲስሉለት ይጠይቅ፤ መንገዱ የት ይታጠፍ እንደነበር፣ እዚያ ጋ እጃቸውና እግራቸው ምን ያደርግ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምን ይሰሙ እንደነበር ያስነግር። ቁጥሩን ከፋብሪካው ሰነድ ይውሰድ፣ ምልክቱን ከእነሱ። በአገራችንም ጊዜው ይኸው ነው። በጉባ በተሠራው የሕዳሴ ግድብ ዋናው ግድብ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ፈሶበታል፤ ለዚያ የሚሆነውን ድንጋይ ከ2011 ጀምሮ በቀንና በሌሊት፣ በቆላ ሙቀት ያመላለሱት ኦፕሬተሮች ዛሬ በጉልበት ያሉ ሰዎች ናቸው። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፣ ብዙዎቹም ወደ ሌላ ሥራ እየተበተኑ ነው። ያን ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደወረዱት ዛሬ ብትጠይቋቸው ሳያመነቱ ይመልሳሉ።