ውኃ የማይነካው ጽዳት

የዶሮ ወጥ ባልትና ሲነሳ የሚመሰገነው እጅ የታወቀ ነው፤ ሽንኩርቱን ሳያሳርር የሚያቁላላው፣ 12ቱን ብልት ሳያበላሽ የሚያወጣው፣ ሥጋውን በጨውና በሎሚ አሽቶ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ የሚያጥበው። ለዚያ እጅ ምስጋናው አይጓደልበት። ነገር ግን ያቺን ዶሮ ከጫጩትነቷ አንስቶ በጤና ያቆያት ሌላ ሙያ አለ። ከጓሮ፣ በማለዳ፣ ጎንበስ ተብሎ ስለሚሠራ እንግዳ አያየውም፤ ስለዚህም አይወደስም። የዶሮ ቤት ጽዳት ነው። በመንዝ ደጋ በወጉ ሲሠራ ላየው ሰው፣ ከጥልፍና ከስፌት ባልተናነሰ ሊደነቅ የሚገባው የእጅ ጥበብ ነው።

መንዝ ብርድ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የጓሳ አምባ ደግሞ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይወርዳል፤ ክረምቱ ጉምና ጭቃ ነው። ዶሮም ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው ሳትርቅ ቆጥ ላይ ስታድር ኖራለች። ለብቻው የሚሠራ የዶሮ ቤት ከዚያ ሙቀት ሲለያት፣ በምትኩ ሌላ ነገር ሊሰጣት ይገባል፤ እሱም ድርቀት ነው። ብርድን ዶሮ በላባዋ ትችለዋለች፤ ብርድ ከርጥበት ጋር ሲመጣ ግን አትችለውም። የመንዝ ባለሙያ ጥበብ በሙሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። እሷ ዘንድ ንጹሕ ማለት የታጠበ ሳይሆን የደረቀ ነው።

ድርቀቱ ከጣሪያ ይጀምራል። ክዳኑ የጓሳ ሣር ሲሆን ቀጭኑና ጠንካራው ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚደራረብ ዝናቡን ወደ ውስጥ ሳያሳልፍ በላዩ ያንሸራትተዋል። ይህ ሣር እንዲያው የተገኘ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ቀሮ በተባለ ሥርዓት ጓሳን ሲጠብቅ፣ ሣሩ እስኪያድግ ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ ሲያቆይ ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም አካባቢውን ዛሬም ነዋሪው ይጠብቀዋል። ጥሩ ክዳን እንግዲህ የአንድ ከዳኝ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሳያጭዱ የታገሡ ሰዎች ሁሉ እጅ አለበት። የጓሮዋ ባለሙያም ያንኑ ትዕግሥት ትቀጥላለች፤ ከክረምት በፊት ክዳኑን ከውስጥ አንጋጣ ታያለች፣ ብርሃን ያሳለፈውን ቦታ ሣር ትወትፍበታለች።

የየዕለቱ ሥራ የሚጀምረው በመጥረጊያ ሳይሆን በአፍንጫ ነው። ዶሮዎቹን ካሰማራች በኋላ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ዶሮዋ ከምትተነፍስበት ከፍታ ታደርሳለች። ቆሞ ለሚያይ የማይታወቀው እዚያ ይታወቃል። የዶሮ ኩስ ሲርስ አሞንያ የተባለውን፣ ዓይን የሚቆጠቁጠውን ጋዝ ያወጣል፤ የዶሮን ዓይንና ሳንባ የሚጎዳውም እሱ ነው። ዓይኗን ከቆጠቆጣት ውኃው ከየት እንደመጣ ትፈልጋለች፤ ከክዳኑ አንጠባጥቦ ነው? ከግድግዳው ሥር ሰርጎ ነው? ከመጠጫው ፈስሶ ነው? ምንጩ ሳይዘጋ ቢጠረግ ነገም ያው ነው።

ከዚያ የዶለዶመ ማጭድ ታነሳለች። ሌሊቱን ከቆጡ ሥር የተከመረውን ኩስ ስለቱን አጋድማ ትፍቀዋለች እንጂ አትቆፍረውም፤ በእበት የተለቀለቀው ወለል ከተላጠ ስንጥቁ የተባይ መደበቂያ ይሆናል። ከጥግ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ በር ትወስደዋለች፤ የተነሳበት ቦታ ተመልሶ አይቆሽሽም። የራሰውን ጭድ ለብቻው ታወጣለች። በየማለዳው መነሣቱም ምክንያት አለው። ጫጩትን ደም የሚያስቀምጠው የኮክሲዲዮሲስ ተውሳክ ከኩስ ጋር እንደወጣ ወዲያው አይጎዳም፤ ርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን ለመጉዳት ይደርሳል። በየዕለቱ የሚጠርግ እጅ ያን ጊዜ ይነሳዋል። በውኃ የሚያጥብ ግን የጎደለውን ርጥበት ይሰጠዋል፤ በዚያ ብርድ የራሰ ወለል ቶሎ አይደርቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ አመዱ የሚገባበት ሰዓት ነው። አመድ ርጥበት ይመጥጣል፣ ተባይን ያደርቃል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ሳይጠረግ እርጥብ ኩስ ላይ ቢነሰነስ ሽታውን ያባብሰዋል፤ አመድ አሞንያውን ከኩሱ ያስለቅቀዋልና። ስለዚህ አመዱ ተነፍቶ፣ ፍም እንዳይኖርበት ተፈትሾ ከበር ይጠብቃል። ወለሉ ተፍቆና ተናፍሶ ሲያበቃ፣ ምጣድ ሲታሰስ ጎመን ዘሩ እንደሚሳሳ ስስ አድርጋ ታዳርሰዋለች፤ ቢወፍር አቧራው ዶሮዎቹን ያስነጥሳቸዋል። መፋቁንም፣ አመድ መነስነሱንም ማንም ይችለዋል። ሙያው የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛውስ ምን ያህል እንደሚበቃ ማወቁ ላይ ነው።

ቆጡም የራሱ ጥበብ አለው። የባሕር ዛፉ አጣና ልጡ ተልጦ፣ ጉጡ ተስተካክሎ ይገባል፤ ደም የሚመጥጠው የዶሮ ቅንቅን ቀን ቀን የሚደበቀው ከልጥ ሥርና ከስንጥቅ ውስጥ ነውና። በምስማር አይመታም፤ ጫፎቹ ግድግዳው ላይ በተተወላቸው ጎድጓዳ ያርፋሉ። እንዲህ የተደረገው እንዲነሣ ነው። ባለሙያዋ አጣናውን አንስታ ያረፈበትን ቦታ በነጭ ጨርቅ ታብሳለች፤ ጨርቁ ደም ከመሰለ ተባዩ ገብቷል። ያኔ ጫፎቹን ነበልባል ላይ ታዞራለች፣ ጎድጓዳውን በአዲስ ጭቃ ትመርጋለች፣ አጣናውን ፀሐይ ታስመታዋለች። ዶሮዎቹን አስወጥቶ ቤቱን ባዶ መተው አይበቃም፤ ይህ ተባይ ሳይበላ ለወራት ይቆያል። ቆጦቹም በአንድ ከፍታ ይደረደራሉ፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ለእሱ ይጣላሉ፣ ደካማዋም ተገፍታ መሬት ላይ ታድራለች።

ዶሮ ልትታቀፍ ስትል ደግሞ አሮጌው ጭድ ወጥቶ ይቃጠላል፣ ጎጆዋ በደረቅ አዲስ ጭድ ይሞላል። 21 ቀን ከዚያ ብዙም የማትነሳ እናት ተባይ ካገኛት እንቁላሏን ጥላ ትነሳለችና። የተጠረገው ኩስም አይጣልም፤ ከጭዱ ጋር ተከምሮ ሲበስል ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ሥሩ ላይ ያደረገ ሰው ግን ተክሉን ያቃጥለዋል።

ሥራው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከመንዝና ከግሼ ደጋ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ጠላቱ ብርድና ርጥበት መሆኑ ይቀርና ሙቀት ይሆናል። በሙቀት ቅንቅን በሳምንት ውስጥ ሊራባ ስለሚችል ቆጡ ቶሎ ቶሎ ይፈተሻል፣ ነፋስ መግቢያውም ይሰፋል። ባለሙያ የምትባለው የሌላውን አገር ሕግ የምትደግም ሳትሆን የራሷን አየር የምታነብ ናት። ጽዳት ክትባትንም አይተካም። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ሲገባ የተጠረገ ቤትም መንጋውን ያጣል፤ ለእሱ መድኃኒቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚመረተውን ክትባት በጊዜው መስጠት ነው። ክትባቱ ከሞት ያተረፋትን ዶሮ በጤና የምታቆያት ግን ያቺ የማለዳዋ እጅ ናት።

ይህ ሙያ ለዕይታ የሚቀርብ ዕቃ አይወጣውም። በደንብ ሲሠራ የሚታየው ያልሆነው ነገር ነው፤ ያልሸተተ ቤት፣ ያላበጠ ዓይን፣ ያልተጣለ እንቁላል። ስለዚህም በቀላሉ ይዘነጋል። ዛሬ ብዙ ወጣት ዶሮ እርባታ እየጀመረ ነው፤ ሥልጠናው ስለ ዝርያ፣ ስለ መኖና ስለ ገበያ ያስተምራል። የወረዳ የግብርና ባለሙያዎች በዚያ ላይ አንድ ማለዳ ይጨምሩ፤ ሠልጣኞቹን እንዲህ ያለች እናት ጓሮ ይውሰዱና እሷ ታስተምራቸው፤ ለውሎዋም እንደ አሠልጣኝ ይከፈላት። አመዱ ለምን በኋላ እንደሚነሰነስ፣ ቆጡ ለምን በምስማር እንደማይመታ ከእሷ የተማረ ሰው፣ ዶሮዎቹ ከመታመማቸው በፊት ቤቱ መታመሙን ያውቃል።