ለተማሪ ተዋናይ ስጽፍ

ለመድረክ የሚጻፍ ተውኔት ተመልካችን ያገለግላል፤ ለትወና ተማሪ የሚጻፍ ትዕይንት ግን ለተማሪው ሥራ መተው አለበት። አርባ ምንጭ ለማስተምራቸው ወጣቶች ስጽፍ ከሁለት ገጽ አላልፍም፤ ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ፍላጎት፣ አንድ እንቅፋት ይበቃል። «በቁጣ»፣ «እያለቀሰ» የሚሉ መመሪያዎችን አላስገባም። ተማሪው እነሱን ካገኘ ምክንያቱን ሳይመረምር ስሜቱን ለማሳየት ይጣደፋል።

ለእጅም ሥራ እሰጣለሁ። አንዱ ትዕይንቴ የሚካሄደው ዶርዜ መንደር ውስጥ ነው። አባት ሸማ ይሠራል፣ ልጁ አጠገቡ ማግ ያጠነጥናል። ልጁ እንደ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሊሄድ ነው፤ በማግስቱ ይነሳል። ስለ ጉዞው ግን አንድም ቃል የለም።

«ይሄ ክር ይበጠሳል።»
«ትናንትም በሱ ነው የሠራኸው።»
«ትናንት አልተበጠሰም።»

ተማሪዎች መጀመሪያ «ድራማው የታለ?» ይላሉ። ክር ይዘው ሲሞክሩት አባትየው ክሩን የሚወቅሰው ልጁን መለመን ስላቃተው እንደሆነ ይደርሱበታል።

ከሁሉም የከበደኝ ከአርባ ምንጭ ታሪክ የቀዳሁት ትዕይንት ነው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው አስቆሟቸው። ይህን የሚጽፍ ሰው ለሽማግሌው ረጅም ንግግር ሊሰጠው ይፈተናል። እኔ የሰጠሁት «ልጄ» የሚለውን ብቻ ነው። የትዕይንቱ ሸክም ድንጋይ የጨበጠው ወጣት ላይ ይወድቃል። ጽሑፉ «ይቆማል» ይላል፤ በስንተኛው እርምጃ፣ ዓይኑን የት ጥሎ፣ ድንጋዩን ምን አድርጎ እንደሚቆም የተማሪው ድርሻ ነው። የብሔር ስምም አልጠቀስኩም፤ ክፍሉ ውስጥ ሐዘኑ ቤቱ የገባ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ የራሱን ቁስል እንዲተውን ማስገደድ ማስተማር አይደለም።

ጽሑፌን የምፈትነው ለሁለት ጥንዶች ሰጥቼ ለየብቻ በማለማመድ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ከመጡ የተማሪውን ሥራ እኔው ጨርሼበታለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ከገጹ ላይ የምሰርዘው ቃል እፈልጋለሁ።