ጫማ ሳይሆን እግር

ሲንደሬላን የማያውቅ የለም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ተረቷን ካሳተማት ወዲህ ያንን የመስታወት ጫማ እንደገና ያልሰፋ ደራሲ ጥቂት ነው። አሜሪካዊቷ ማሪሳ ማየር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ሲንደር» ጫማውን ትታ እግሩን አወለቀችው። ልጅቷ አንድ እጇና አንድ እግሯ ብረት የሆነ የኒው ቤይጂንግ ገበያ መካኒክ ናት። በሕግ የእንጀራ እናቷ ንብረት ነች፤ የላቧን ዋጋም እሷው ትወስድባታለች። በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ወልቆ የሚቀረውም የጠበባት አሮጌ የብረት እግሯ ነው። ይኼ ግሩም ነው! እጇ ግሪስ የነካው ጀግና በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ስንቴ አየን?

ታዲያ መጨረሻው ላይ መካኒኳ የጠፋችው የጨረቃ ልዕልት ሆና ቁጭ! ለምን? ሠርቶ አደር ሆና ብትቀር ልዑሉን መውደድ አይገባትም ኖሯል? ደራሲዋ የሰጠችንን መልሳ ነጠቀችን እንላለን።

እዚህ አሶሳ ተቀምጠን ስናነበው ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብን። በካማሺና በመተከል፣ በነባሩ የጉሙዝ ልማድ፣ ሚስት የሚያገባ ወንድ እህቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን በለውጥ ይሰጣል። በለውጥ የሚሰጣት ልጅ የሌለችው ልዑል ጫማ ይዞ መንደር ለመንደር ቢዞር ምን ሊያገኝ ነው? ሳቅን፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብን። ለወንድሟ ትዳር ስትባል የተሰጠችው ልጅ ማንን ትወድ እንደነበር የሚጠይቅ ልብ ወለድ እኛ እስካሁን አላነበብንም። ከመካከላችን የሚጽፈው ይነሣ፤ ብቻ አደራ፣ መጨረሻ ላይ ልዕልት እንዳያደርጋት።